አራቱ ባሌስትራዎች

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ጥላ ሥር ተቀምጬ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሥራው እንዴት ነው? ብርዱስ? ያ በየሳምንቱ ተበላሸ የምትይው ማሞቂያሽ ተሠራልሽ? ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ነበር የሚጻፈው። ሁለት ጊዜ ጀምሬው ሁለቴም ሰረዝኩት። በስልክ መዋሸት ለምጄ ነበር፤ በወረቀት ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ስለምትሰማ ነው። የቤታችንን ግድግዳ ታውቂዋለሽ። ጓዳ ሆኜ ሳስነጥስ ከመኝታ ቤት «ይማርህ» ትለኛለች። ለዚህ ነው እንደ ድሮ ሰው ብዕር ይዤ የተቀመጥኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሐሙስ ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ አገር ትበራለች፤ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ባለፈው ያልሽኝ አልጠፋኝም። «አባዬ፣ ያን ቁርጥራጭ ብረት ትተህ እማዬን አሳክማት!» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ተቀየምኩሽ። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀየምኩሽ፤ ያውም እኔን ስለተቆጣሽ ሳይሆን መኪናዋን ቁርጥራጭ ስላልሻት። ንዴቴ ሲበርድ ግን ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። ሳልነግርሽ ከየት ታውቂዋለሽ?

ያቺ የናፍጣ ቫን ለእኔና ለእናትሽ ምን እንደሆነች ለአንቺ አይነገርም። ሃያ ሁለት ዓመት እኔ ሾፌር፣ እሷ ነርስ፣ ክትባት ጭነን ዞረንባታል። መንገዱ የት እንደሚያልቅም ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትሰሚው ያደግሽው ነው፤ ወንዙ ጋ። ድልድይ የለውም። ቫኗ ደግሞ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ የኋላ ጎማዋ ብቻ የሚገፋ የአስፋልት መኪና ነበረች። ከማዶ ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ውኃውን በእግራቸው እያቋረጡ ይመጡልን ነበር። እናትሽ መርፌዋን ጨርሳ ሳጥኑን ስትቆልፍ ወደ ማዶ ታይና፣ «ሁልጊዜ እነሱ ወደ እኛ፤ እኛ አንድ ቀን እንኳ ወደ እነሱ!» ትላለች። እኔም ሞተር እያስነሳሁ «ጡረታ እንውጣና አሻግርሻለሁ» እላታለሁ። መሪ የጨበጠ ሰው ቃል መግባት አይከብደውም።

ጡረታ ወጣን። መሥሪያ ቤቱ ቫኗን ሲያስወግዳት እኔ አመጣኋትና ሥራ ተጀመረ። ይሄን ይሄንማ በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ሥራው እንዴት ደስ ይል እንደነበር ግን ነግሬሽ አላውቅም። የክትባቱ ማቀዝቀዣ የነበረበት ቦታ ላይ ምድጃ ገባ። አግዳሚ ወንበሮቹን ነቅዬ በኮምፔንሳቶ አልጋ ሠራሁ፣ ከሥሩም የውኃ በርሜል አስተኛሁ። ጣሪያዋ ላይ ፀሐይ የሚሞላው የመብራት ሰሌዳ አለ። የጎኗን ላሜራ ቀድጄ መስኮት አወጣሁላት፤ እናትሽ ጋደም ብላ ሳትነሣ ውጭውን እንድታይ። የላይኛውን መደርደሪያ እጇ በሚደርስበት ልክ ሰቀልኩት። ሰፈር ያለው በያጅ አንድ ቀን ውስጧ ገብቶ ዙሪያውን አየና «ጋሼ፣ ሚስቴን ወዲህ እንዳታሳልፋት፤ ይቺን ካየች ትፈታኛለች» አለኝ። ኮራሁ፣ ምን ልበልሽ፣ የምሆነውን አጣሁ።

ከዚያ ከፍታው መጣ። ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ሆዱ ከድንጋዩ መራቅ አለበት። ከተጋጨ የጭነት መኪና ላይ የፊት ዲፈረንሻል አውጥተን አራቱም ጎማዎች እንዲገፉ አደረግን። አየር የምትስብበትን ቱቦ እስከ ጣሪያዋ አወጣነው። በመጨረሻ አራቱንም ባሌስትራ ቀየርኩ። ረስተሽው ከሆነ፣ ጎማው ጋ ተደራርቦ ሸክሙን የሚችለው ቀስት መሳዩ ብረት ነው፤ ትንሽ ሆነሽ ቅባቱን ቀሚስሽ ላይ ለቅልቀሽ እናትሽ እኔን የተቆጣችበት። ረጅሙን ባሌስትራና ትልልቁን ጎማ ሳስገባባት ቫኗ አንድ ስንዝር ሙሉ ተነሣች። ከሩቅ ሳያት የማውቃት መኪና አልመስል አለችኝ።

እናትሽ በዚያ ሰሞን ወገቤን ትል ነበር። እርጅና ነው አልን። እኔ እሷን ከማይ ብሎን ማየት መርጬ እንደሆነ አሁን ነው የታወቀኝ።

ያለቀች ዕለት ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ፣ እንደ ሥራ ዘመናችን «ሾፌር፣ ተዘጋጅተናል?» ብላ ወጣች። በሩን ከፈትኩላት። የበሩ ወለል ከጉልበቷ በላይ ነበር። እጀታውን ይዛ እግሯን አነሣች፤ አልደረሰም። ደገመችው፤ አልደረሰም። በእጇ ጭምር እግሯን ይዛ ልታነሣው ሞከረች። እኔ የአልጋውን ርዝመት በቁመቷ፣ መደርደሪያውን በክንዷ፣ መስኮቱን በዓይኗ ልክ የለካሁ ሰውዬ እግሯ ምን ያህል እንደሚነሣ አልለካሁም። «ለቀጭኔ ነው እንዴ የሠራኸው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቷን ሳየው ላቧ ጠብ ጠብ ይላል።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተሯ ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅላ አፏን ከመክፈቷ በፊት እናትሽ አየችው። ነርስ ናት፣ ማን ይደብቃታል? «አጥንቴ ውስጥ ገብቷል» አለች፣ የሌላ ሰው ወረቀት የምታነብ ይመስል። ዶክተሯ «ካንሰሩ ቆይቷል፤ ከእንግዲህ የምንሰጣት ማስታገሻ ብቻ ነው» አለችኝ፣ ለብቻዬ፣ ኮሪደር ላይ። ሌላም ሐኪም ጋ ወሰድኳት። እሱም ያንኑ ነው ያለው። ልጄ፣ እናትሽን ሳላሳክማት ቀርቼ አይደለም። ይሄ ይሄ ብቻ ልብሽ ውስጥ እንዳይቀር።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግሁ መሰለሽ? መወጣጫ አሠራሁ። አንድ ደረጃ፤ ለሁለት ሳምንት ሆነላት። ሁለት ደረጃ፤ ለአሥር ቀን ያህል። በያጁ ሦስተኛውን ሲበይድ ዓይኑን ከኔ እያሸሸ ነበር። በሦስተኛው አንድ ቀን ብቻ ወጣች፤ አልጋው ላይ ጋደም ብላ በመስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ አየችና «ወንዙ ደርቋል እንዴ?» አለችኝ። ስትቀልድ እየሳቅሁ ካልመለስኩላት ትቀየመኛለች። ሳቅሁላት።

ተሸክሜ እንዳላወጣት ክንዴ ቢችል እንኳ ያን ያህል ከፍ ሳደርጋት ወገቧ አይችልም፤ ትጮኻለች። መኪናዋ ከፍ እንዳለች ብትቀር ወንዙን ትሻገራለች፣ እናትሽ ግን አትገባም። ዝቅ ባደርጋት እናትሽ ትገባለች፣ ወንዙ ግን ይቀራል። ሁለት ቀን አወጣሁ አወረድኩና ረጃጅሞቹን ባሌስትራዎች አራቱንም ፈታሁ። ጎማውንም የድሮውን መለስኩ። ቢያንስ ወንዙ ዳር እንድረስ፣ እንደ ድሮው ከወዲህ ሆነን እንየው አልኩ።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ይዣት ወጣሁ። በያጁና እኔ በአንሶላ ይዘን አልጋው ላይ አስተኛናት። ከከተማው ሳንወጣ ገና ኮረኮንቹ ሳይጀምር፣ እኔ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ ስነዳ በመስታወቱ አያታለሁ። ፍራሹን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። መውጫው ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ጋ ስንደርስ «ሾፌር፣ አቁም» አለችኝ። አቆምኩ። «መልሰኝ» አለች። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው የሄድነው። ሁለት ዓመት የሠራኋት መኪና አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሄደች።

ቤት ገብተን ማስታገሻው ሲይዝላት ጠራችኝ። «ባሌስትራዎቹን መልሳቸው» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ልጅቷ ወረቀቷ ሲያልቅላት ትመጣለች። አንተና እሷ ትሻገራላችሁ።» አንሶላዋን አስተካከልኩላት። «ዝቅ ብላ ለማን ነው? ከፍ አድርጋት» አለችኝ። ቀጥላም አስማለችኝ። የመኖሪያ ወረቀትሽ ሳይሰጥሽ ከዚያ አገር ከወጣሽ መመለሻ እንደሌለሽ ታውቃለች፤ ስንት ዓመት እንደጠበቅሽውም ታውቃለች። «እንዳትጠራት። ማል!» አለች። ማልኩላት። ስለዚህ ልጄ፣ አልጠራሁሽም። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ብታነቢው ያ ቃል የለበትም።

ግን እጄ አልታዘዝ አለ። ባሌስትራውን መመለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ይገባሻል። ቫኗ አንዴ ከፍ ካለች እናትሽ ዳግመኛ አትገባባትም። እሷ ደግሞ አልጋዋን የመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አስጠግታ ሥራዬን ታዳምጣለች። ስለዚህ ምን አደረግሁ፣ ክሪክ ሰክቼ መኪናዋን አነሣሁ፣ ከሥሯ ተኛሁ፣ መዶሻ ይዤ ከምንም ያልተያያዘ ብረት ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ሚስቴን አታልላለሁ። ማታ ስገባ «ምን ያህል ቀረህ?» ትላለች፤ «እየሄደ ነው» እላታለሁ።

ያቺን ሴት ማታለል እንደማይቻል ረስቼ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ ግን «የቀኙ የኋላ ላልቷል» ትለኝ ነበር፣ እኔ ገና ሳልሰማው። ወርጄ ሳየው ሁልጊዜም ልክ ናት። ትናንት ከሰዓት በመስኮቱ ጠራችኝ። ገባሁ። እጄን ይዛ ጥቁሩን ቅባት በአውራ ጣቷ እያሸች፣ «ከሐሙስ ጀምሮ የምትመታው ባዶ ብረት ነው» አለችኝ። አለቀስኩ ልጄ። እሷ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ነገ የእውነቱን ጀምር። እየሰማሁ መሆኔን አትርሳ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት የእውነቱን ጀመርኩ። የግራው የኋላ ገብቷል። ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቅኳቸው፤ ካላጠበቅኳቸው ትሰማለች። አሁን መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተነሥታ፣ በሦስቱ ዝቅ ብላ ቆማለች። እናትሽን ከሰዓት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ ወስዷታል። ሰሞኑን ብዙ ትተኛለች። ምግብ ሁለት ማንኪያ ነው። ድምፅሽን በስልክ ስትሰማ ግን ቀና ትላለች፤ ያን ጊዜ ደህና የምትመስልሽ ለዚህ ነው።

ጨርቅ በአንገትሽ ጠምጥሚ፣ ጉሮሮሽ ብርድ አይወድም። ማሞቂያውን ሰው ካላየልሽ አየሩን አስተንፍሺለት፤ ከላይ ትንሽ ብሎን አለችው፣ በሳንቲም ትፈታለች። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ደህና ነኝ በላት ብላኛለች፣ ብያለሁ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ፊት ይስጥሽ። የማይቆረቁር እንጀራ፣ የሚጠይቅሽ ሰው አያሳጣሽ። ተቆጥተሽ ስልክ ስለዘጋሽብኝም አንዳች ነገር በልብሽ አይደር፤ አባትሽ ረስቶታል።

ድሮ አንዱን ባሌስትራ በግማሽ ቀን እጨርስ ነበር። ከእንግዲህ ግን እጄ ይከብዳል፣ አንዱ ሳምንት ሊፈጅብኝ ይችላል። በያጁ ላግዝህ ቢለኝም አልፈለግሁም። እሷም አላጣደፈችኝም።

ሦስት ይቀሩኛል።

አባትሽ፣
ሾፌሩ