ውሃ የማይጠጣ ሰው ለሚፈልገው የወላጆች ኮሚቴ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 1975 ዓ.ም.

ለጓድ ካሣ፣ የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በዚህ አናት በሚበሳ ፀሐይ ጉሮሮዎ ሳይደርቅ፣ ከንፈርዎ ሳይሰነጠቅ እንደሰነበቱ አልጠራጠርም። እኔ እስካለፈው ሰኞ ድረስ የሦስተኛ ክፍል መምህርት የነበርኩት ሰርካዲስ ገብረ መድኅን፣ ከሥራ በመታገዴ ሰፊ ጊዜ ስላገኘሁ ይህን የምስጋና ደብዳቤ ጽፌ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለእርስዎ ብቻ ብልከው፣ መመስገን የማይወዱ ሰው ስለሆኑ ለማንም ሳያሳዩ ኪስዎ ውስጥ ያስቀሩታል ብዬ ሰግቼ ነው።

እርስዎና ሦስቱ የኮሚቴ ጓዶችዎ ያለ አንዳች ደመወዝ፣ በፈቃደኝነት፣ ከሥራ በኋላ ያለችዋን የዕረፍት ሰዓት ሠውታችሁ ልጆቻችንን እንደምታገለግሉ አገር ያውቃል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ያለው ብቸኛ ቧንቧ፣ «ተማሪዎች ውሃ እየተራጩበት ለትምህርት ያላቸው ፍቅር ቀንሷል» ተብሎ በየካቲት ወር በጓጉንቸር ስለተዘጋ አመሰግናለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተራጨ ልጅ የለም። ማልቀስ የፈለጉትም እንባ ቆጥበው ነው የሚያለቅሱት።

2ኛ. ቧንቧው በተዘጋ በማግስቱ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ቦጋለች ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት በበርሜል ውሃ መሸጥ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ፈጣን የሕዝብ አገልግሎት በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም። በርሜሉን በአህዮቻቸው ውሃ እያመላለሱ የሚሞሉት የኮሚቴው አባል ጓድ ዋበሪ ናቸው። በርሜሉ የቆመው በኮሚቴው ጸሐፊ በወይዘሮ ጥሩወርቅ በረንዳ ላይ ነው፤ የበረንዳውንም ኪራይ እሳቸው ይቀበላሉ። «እያንዳንዱ ተማሪ ለጤንነቱ የራሱን ጣሳ ይያዝ» የሚለውን መመሪያ ያረቀቁት አራተኛው አባል፣ ቆርቆሮ ሠሪው ጓድ ሣህሉ ናቸው። አንድ ልጅ አንድ ጊዜ ሲጠጣ አራት የኮሚቴ አባላት ይረካሉ።

3ኛ. ጓጉንቸሩ ርካሽ ስለነበረ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሀዎ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ፣ ሳንቲም ያልያዘች ዕለት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ የአራትን ማባዣ እየደገመች ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች። ወደ በሩ ሮጥኩ፤ ባለቤትዎ ገበያ ወርደው ስለነበር በርሜሉ ተዘግቷል። ተመልሼ ድንጋይ አነሣሁ። ጓጉንቸሩ በሦስተኛው ምት እጁን ሰጠ። ሀዎ ጠጣች፣ ዓይኗን ገለጠች፤ ከዚያም ሃምሳ ስድስቱ የክፍል ጓደኞቿ ተሰልፈው ጠጡ። በማግስቱ ሌላ፣ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተገዝቶ ተንጠለጠለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና በቁጥር አልያዝ ስላለኝ እንደመጣ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ግለ ሂስ እንዳደርግ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አጀንዳው «የቧንቧው ጉዳይ» የሚል ስለነበር፣ በቧንቧው መዘጋት የሚጠቀሙ አባላት በቧንቧው ላይ መወሰን ይገባቸዋል ወይ ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። እርስዎም ከወንበርዎ ብድግ ብለው፣ «ጥያቄዋ ትክክልም አብዮታዊም ነው! በጉዳዩ ጥቅም ያለው አባል ውሳኔ እስኪሰጥ ከክፍሉ ይውጣ!» ብለው አዘዙ፤ ለአርአያነትም ቀድመው ወጡ። ይህን ምግባርዎን ሳስበው አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ጓድ ዋበሪ ግን አልተነሡም። «ወላሂ እኔ የለሁበትም፣ ያሉበት አህዮቹ ናቸው» አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም፣ «አህዮቹ ታዲያ ቤት ሲገቡ ማን ዘንድ ነው የሚያድሩት? ውጣ አቦ፣ አታስቀን!» ብለው አስወጧቸው። ጓድ ሣህሉ ማንም ሳይነግራቸው ተከተሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም የራሳቸውን መውጣት በቃለ ጉባኤው ላይ በጥንቃቄ መዝግበው፣ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ለሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። በመስኮት ሳይ አራታችሁም በተቆለፈው ቧንቧ አጠገብ፣ በኒሙ ጥላ ሥር ቆማችሁ ላባችሁን ትጠርጋላችሁ። ጉባኤ ያለ ውሳኔ መበተን ነውር ስለሆነ አጀንዳውን ለራሴ አቀረብኩ፤ ድምፅም ሰጠሁ። ቧንቧው ይከፈት የሚል አንድ፣ ይዘጋ የሚል የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም። «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብዬ በመዝገቡ ላይ ጻፍኩና በሩን ከፍቼ ጠራኋችሁ።

ጓድ ሣህሉ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው፣ «ቆይ እስቲ እህቴ፤ አንቺስ ውሃ አትጠጪም?» አሉኝ። እጠጣለሁ አልኩ፤ መዋሸት አልለመድኩም። «ታዲያ በጉዳዩ ጥቅም አለሽ!» ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱት፣ በአራታችሁም ፊት ላይ የታየው እፎይታ በዓል ይመስል ነበር።

ጓጉንቸር በመስበሬ እቀጣለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ጓጉንቸሩ ግን ማንም አላነሣም። የታገድኩት የግል ጥቅም ባለኝ ጉዳይ ላይ ድምፅ በመስጠቴ ነው። ውሳኔዬ ተሰረዘ፤ ቧንቧውም «በጉዳዩ ምንም ጥቅም የሌለው፣ ማለትም ውሃ የማይጠጣ፣ ገለልተኛ ሰው እስኪገኝ» ተዘግቶ እንዲቆይ በማኅተም ጸና። በከተማችን ከግል ጥቅም የተነሣ የተቀጣ የኮሚቴ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ኮሚቴ ሳልሆን ለዚህ ክብር ስላበቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሥራ ፈት በመሆኔም ገለልተኛውን ሰው በማፈላለግ ልረዳችሁ ሞክሬ ነበር። ከከዚራ እስከ ዋሂል ያላንኳኳሁት በር የለም። ውሃ የማይጠጣ ሰው አላገኘሁም። የዋሂሉ ግመል አርቢ አቶ ደሄቦ አንድ ግመላቸው ውሃ ሳይቀምስ አሥር ቀን እንደሚቆይ አጫውተውኛል፤ ነገር ግን ጉዳዩ በይግባኝ ከዘገየ በአሥራ አንደኛው ቀን ግመሉም ጥቅም ስለሚኖረው ለእጩነት አላቀርበውም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ የታዘዝኩትን ግለ ሂስ አሁን ላድርግ። ጥፋቴ ድንጋዩን ሚያዝያ ላይ ማንሣቴ ሳይሆን የካቲት ላይ አለማንሣቴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ልጆች ከንፈራቸውን እየላሱ ሲቀመጡ እያየሁ ስለ ዝናብ አመጣጥ አስተምሬያለሁ። ሀዎ እስክትወድቅ ድረስ ጨዋ መሆኔ ያሳፍረኛል።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ቧንቧው ይከፈት፣ እኔም ወደ ሦስተኛ ክፍል ልመለስ። ኮሚቴውን የመረጡት ወላጆች ሊያወርዱትም እንደሚችሉ በራሳችሁ መተዳደሪያ ላይ ስላነበብኩ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራ ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ዞሬ መቶ አርባ ሦስት ወላጆች አስፈርሜያለሁ። መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው አትመዋል። ሁሉም ውሃ እንደሚጠጡ በግልጽ አስመዝግበዋል። ጉባኤው እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ ይደረጋል፤ ጥቅም ያለው ሁሉ ይግባ፣ ማንም አይወጣም።

እስከ እሑድ ድረስ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው የጓጉንቸር መክፈቻም እንዳይከብድዎ እየተመኘሁ፣

ከአብዮታዊ ጥማት ጋር፣

ሰርካዲስ ገብረ መድኅን
የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ ዛሬም

ማስታወሻ፦ ከፈራሚዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለውን ፊርማ ሳይለዩት አይቀሩም፤ የወይዘሮ ቦጋለች ነው። በርሜላቸውን ከድነው፣ «አለምብርሃን ልጄ የተጠሙ ጓደኞቿ እያዩ መጠጣት አፍራ በየቀኑ ጠምቷት ነው የምትገባው፤ በይ ብዕሩን ስጪኝ» አሉኝ። ለእርስዎ እራት ላይ ራሳቸው እንደሚነግሩዎ ነግረውኝ ነበር፤ ይህ ወረቀት ቀድሟቸው ከሆነ፣ እባክዎ እራት ላይ እንዳልሰሙ ይሁኑላቸው።