አብዲ ያልረሳው

ኅዳር 3፣ ሰኞ፤ 7 ሰዓት

ካርዱ አላልቅ ብሎኛል። የሚጥል በሽታ አራት፣ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሁለት፣ አንዱ ደግሞ ለጥርሱ መጥቶ ተሳስቶ እኔ ዘንድ የተሰለፈ። በዚህ ጤ/ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ ማለት እኔ ብቻ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ ምሳ ሳልበላ ነው የምጽፍልሽ።

ከዲንሾ በኩል ኦቦ ከድር የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ይዘው መጡ። አሥር ዓመት። ካርዱ ላይ ሴት፣ ፋጡማ። የወንድ ሹራብ፣ በመቀስ የተቆራረጠ ፀጉር፤ የቆረጠችው ራሷ ናት። ወንበር ላይ አንድ ደቂቃ አልተቀመጠችም። የደም ግፊት መለኪያውን ነፋች፣ መሳቢያዬን ከፈተች፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰች፣ መልሷን ሳትጨርስ ረሳችው። ስሟን ስጠይቃት ግን ቀጥ ብላ አየችኝ። አብዲ ነኝ፣ ወንድ ነኝ አለች።

አባት መሬት መሬቱን ያያሉ። መትተዋታል፤ ሼክ ሁሴን መስጊድ ድረስ ወስደው ዱዓ አስደርገዋል። ያው ናት። አሁን የሚፈልጉት ለሁለቱም የሚሆን ክኒን ነው፣ ለቅብጥብጡም ለወንድነቱም። ከሌለ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ቤት ሊያስቀምጧት ወስነዋል። ሰው ሳይስቅብን አሉ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

የስልጠናውን ጥራዝ ከአቧራው አውጥቼ አነበብኩ። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይለዋል፤ የትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ። ቁርጥ እሷን። ወንድ ነኝ ስለምትል ልጅ ግን አንድ መስመር የለውም።

እኔም የራሴን አከልኩበት። ትኩረት የሌለው ልጅ ካንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ይሄም አንዱ ሐሳብ ነው፣ ይጥለዋል። ብልህ ነሽ አልኩ ለራሴ። ለኦቦ ከድርም ደውዬ፣ ቅብጥብጡ ሲረጋ ሌላውም ይረጋ ይሆናል አልኳቸው። ያ ረቢ አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ፣ አሥር ጊዜ መረቁኝ። ለክፍሏ መምህር የሚሞላ ቅጽ በሰው ላክኩ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፤ ከሰዓት

 ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ኦቦ ከድር ለገበያ ሲመጡ ፖስታውን ጥለውልኝ ሄዱ። ከፈትኩት። መ/ሩ ብቻውን መሙላት የነበረበት ቅጽ፣ ከሥሩ የአምስት ልጆች ፊርማ! ደምሥሬ ተነሣ። ደወልኩለት። ቅጹን ለአንድ ለአምስት ቡድኗ ሰጥቶ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ገምግመዋታል። ምን ነካህ፣ የሰው ምስጢር እኮ ነው ብዬ ጮኽኩበት። «ሲስተር፣ ማኅተም አለው፣ በየጥያቄው ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በጭራሽ ይላል። ግምገማ ካልሆነ ምንድነው ታዲያ?» ከልቡ ነው። ኮፒ እንዳያስቀር፣ ለማንም እንዳያሳይ አስማልኩት።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። በኦሮምኛ ነው የጻፉት፣ እሱ እያሉ። ተራ አይጠብቅም፣ ሁልጊዜ። እስክሪብቶ ይጥላል፣ ሁልጊዜ። ቅጹ ላይ የሌለም ጨምረዋል፤ አንድ ቀን የግራ ጫማውን ክፍል ትቶ ቤቱ ገብቷል፤ ኳስ ሲጫወት የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይረሳል። እየተናደድኩ ሳቄ መጣ። እንደ ግምገማው ወግ፣ መጨረሻ ላይ ግለ ሂስ አለ። በራሱ በልጁ እጅ የተጻፈ፣ መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል እያለ። እየተረጎምኩ ልገልብጥልሽ፦

«ሁሉንም ተቀብያለሁ። እስክሪብቶ እጥላለሁ። ጫማዬንም ረስቻለሁ። አስተካክላለሁ። ወንድ መሆኔን ግን አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም። ጥፋት ስላልሆነ አላስተካክለውም።»

ከሥሩ የቡድን መሪው፦ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ማስታወሻዬ፣ ፈዝዤ ቀረሁ። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ እንደቆምኩ ነኝ። ሁሉን የሚጥል ልጅ ነው፤ ይሄን ብቻ አልጣለም። ሲመቱት አልጣለም፣ ሲስቁበት አልጣለም፣ ሼክ ሁሴን ደርሶ ሲመለስ ይዞት ተመልሷል። ይሄን ያህል የጸና ነገር በአንድ ሰው ውስጥ አይቼ አላውቅም፣ በራሴም ውስጥ። አሥር ዓመቱ ነው! እኔ ነኝ ብልህ ነሽ የተባልኩት።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር እሱ ነው፤ አብዲ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ፤ 10 ሰዓት

መጡ። አባትህ ፊት ላንብበው ወይ ብዬ አብዲን ለብቻው ጠየቅኩት። አዎ አለ፣ ወዲያው መስኮት ላይ ወጣ።

አነበብኩላቸው። ጫማው ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። መጨረሻው ጋ ኩፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ክኒኑ ይሄንንም ያስረሳዋል ወይ አሉኝ። አፈርኩ፤ ተስፋውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። መድኃኒቱ ጎባ ሆስፒታል ከተገኘ ጫማውን እንዲያስታውስ ያግዘው ይሆናል። ማን መሆኑን የሚያስረሳ ግን የለም፤ ቢኖርም አልሰጥም። ከትምህርት ቤት ማስወጣትም አያድነውም፤ ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ነው።

 ወደ ጎባ ሪፈር ጻፍኩ፣ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ብቻ። ማንበብ አይችሉምና አንብቢልኝ አሉ፤ አነበብኩ። ሌላውስ አሉ። በሽታ አይደለም፣ አልጻፍኩትም አልኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።  ትምህርቱንስ ምን ወሰኑ ብዬ መጠየቅ አቃተኝ።

በሩ ጋ ደርሰው ወደ መስኮቱ ተጣሩ፦ «ና ውረድ! መኪና ያመልጠናል፣ ነገ ፈተና አለህ።»

ሰኞ ጎባ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሐኪሙ በጥድፊያ አይቶ ሌላ ነገር እንዳይጽፍበት። ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ከከለከሉኝም እሄዳለሁ።