ሱፐርቻርጀሩና የደብረ ሲና ዳገት

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ሙቀቱ ከማለዳ ጀምሮ ነው፤ ነፋስ የለም። ጋራዤ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የጭነት መኪናው ባለቤት ጋሼ ሰይድና በያጁ ሽመልስ።

ጋሼ ሰይድ ከአዲስ አበባ ያመጡትን አሮጌ ሱፐርቻርጀር መግጠም ጀመርን። በሞተሩ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ እየዞረ ለሞተሩ አየር ይገፋለታል። ሽንኩርት ጭነው የደብረ ሲናን ዳገት ሲወጡ እግረኛ ይቀድማቸዋል፤ ለዚያ ነው። እኔ ገጥሜ አላውቅም። ይህን አልነገርኳቸውም።

ሽመልስ መያዣውን እየበየደ፣ «እትዬ፣ መኪና ነው አውሮፕላን የሚሠሩት?» አለኝ። «አንተ ብቻ ብየዳህ አይልቀቅ» አልኩት።

የቀረው፦ ቺንጋ ማጥበቅ። የአየር ቱቦ። ናፍታውን ትንሽ መጨመር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ተነሣ! ያፏጫል። ጋሼ ሰይድ ወደ ካራቆሬ አቅጣጫ ባዶውን ነድተው ሞከሩት። «ወላሂ፣ ክንፍ አበቀለ!» አሉ። እኔም ሳቅሁ።

ሲመለሱ ግን የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ቶሎ አልወረደችም። «የአገሩ ሙቀት ነው» አልኳቸው። ራሴም አላመንኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
መለዋወጫ ዕቃ የተጠቀለለባቸውን የመኪና መመሪያ ወረቀቶች ዘረገፍኩ። ሙያውን የተማርኩት ከእነሱ ነው፤ እንግሊዝኛው ቢከብደኝም ሥዕሉን አነባለሁ።

አገኘሁት። ውሃው እስኪሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው ራዲያተር እንዳይሄድ የምትዘጋ ትንሽ ክዳን አለች፣ ቴርሞስታት። እዚህ ቆላ «ሙቀት ታፍናለች» እያልን ሁላችንም አውጥተን እንጥላታለን። የጋሼ ሰይድን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሥዕሉ ላይ ግን ስትከፈት ሌላውን አቋራጭ መንገድ ትደፍናለች። እሷ ከሌለች ግማሹ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እስከ ዛሬ አልጎዳም። ሱፐርቻርጀሩ በሚጨምረው ሙቀት ግን ዳገቱ ላይ ሞተሩን ይፈጀዋል። ሌላ ሞተር የላቸውም። ስድስት ልጅ በዚያ መኪና ይበላል።

ነገ ማለዳ ይወጣሉ። ማሳ ላይ ሽንኩርት እያስጫኑ ነው፤ ስልካቸው አይሠራም።

ሱፐርቻርጀሩ አሮጌ ነበር ብል ማንም አያውቅብኝም። ይህንን አሰብኩ። ልጽፈው ይገባል።

ቴርሞስታት ሱቅ ውስጥ የለም፤ የሚገዛ ስለሌለ አያመጡም። ሽመልስ ከወዳደቀ ሞተር አንድ ፈታልኝ። የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኳት፤ ተከፈተች፣ ትሠራለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ ሰይድ፣ አይሄዱም።»
«አንቺ ሴትዮ፣ ሽንኩርቱ በዚህ ሙቀት ይበስብስልሽ?»
«ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሞተሩ ማውጣት የማይገባኝን ነገር አውጥቻለሁ። ሞተርዎን ያቃጥላል።»

ከመኪናው ወረዱ። ውሃውን አፈሰስኩ። የቴርሞስታቷን ቤት ፈታሁ፣ ክዳኗን አስገባሁ፣ አሰርኩ። ውሃ ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ደግሞ የት ነው?» አሉ። በሩን ዘጋሁት።

ዳገቱ ላይ፣ ከአርማንያ በላይ፣ መርፌዋ ከፍ አለች። እጄ በሩ ላይ ነበር። ቆመች። አልጨመረችም።

አሁን ደብረ ሲና ነን፤ ብርዱ ገብቶኛል። እሳቸው ቁርስ እየበሉ ነው፣ ስለ ጥፋቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የዳገቱ ጫፍ ጣርማ በር ገና ከላያችን ነው። መመለሻ ሚኒባስ ስጠይቅ ሰምተው ቀና አሉ።

«የምን ሚኒባስ? ጫፍ ሳንደርስ ወርደሽ አታመልጪኝም» አሉ፤ እንጀራውንም ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።