የአጎትህ እግር

ልጄ፣ ያለህበት ሁሉ ሰላም ይሁንልህ። እኛ ደህና ነን፣ ከአጎትህ በቀር።

ከጓደኛው ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ጫካ ሊያድሩ በሄዱበት እግሩን እሾህ ወግቶት፣ ጓደኛው በአፉ ያኘከውን ትምባሆ ለጥፎ በፌስታል አሰረለት። እስኪመለሱ ድረስ አልፈቱትም። እኔ ቤት ስፈታው፣ ሽታው! ይኸው እስከ ዛሬ እህል አልወርድ ብሎኛል። መግሉ በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠብ ነበር፣ ቅላቱም ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ነበር።

"እትዬ፣ መግል ከያዘ እየዳነ ነው" አይለኝም ያ ቆሻሻ ፀጉር አስተካካይ!

"ዞር በል ከፊቴ!" ብዬ አጎትህን ሐኪም ቤት አደረስኩት። ትናንት ሁለት ጣቶቹን ቆረጧቸው።

አንተም ከጓደኞችህ ጋር ተራራ ልትወጣ ነው አሉ። ቁስል በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ በየማታው ይታያል፤ ቅላቱ ከሰፋ መመለስ ነው፣ እንዳታፍር። እግዜር ከክፉ ይሰውርህ። ፎቶ ስትልክልኝ ግን ተራራውን ተወውና እግርህን አሳየኝ።

እናትህ