ስሟ የጌታ፣ ሆዷ የድሃ

ጋሻዬ፣ የልጅነት ባሌ፣

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። በቄስና በዘመድ ፊት የሚባለው ያን ቀን ይባላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ለብቻህ የምነግርህ አለኝ። እንዴት ከረምሽ ብትለኝ መልሴ አንድ ነው፤ አፍሬ ከረምኩ። አንተ የምታውቀኝ ሻሼን አሳምሬ ከመኪናህ ስወርድ፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ ዘወር ዘወር ስል ነው። አሁን ደባርቅ ላይ የግንብ ጥግ ይዤ፣ መሬት መሬት እያየሁ እሄዳለሁ። ሰው ሐዘኑ ነው የጎዳት ይላል። ሐዘኑማ አለ፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ቤቱ ደህና ነው። የደጁን ባሕር ዛፍ የመብራት ሽቦ ነካ ተብሎ ቆረጡት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ሳሎን ትገባለች። ታስተካክለዋለህ እያልኩ ስነዘንዝህ የነበረው የኩሽና በር አሁንም አይገጥምም፤ እኔም ትቼዋለሁ። መኪናህ በሸራ ተሸፍና ግቢ ውስጥ ከረመች። የጎረቤታችን የእትዬ ዘርፌ ዶሮ ከሥሯ ገብታ እንቁላል መጣል ጀመረች፤ እትዬ ዘርፌም በየቀኑ በሆዳቸው እየተሳቡ ያወጣሉ። ብታይ ትስቅ ነበር።

መቼም ስለ መኪናህ ስናገር እንደ ሰው ነው የምጠራት፤ አንተ ነህ ያስለመድከኝ። ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያጠና መጥቶ ስሜን ተራራ ላይ የከረመው ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ለአንተ ለቀቀልህ። አፍንጫዋ ላይ ያለውን ምልክት ያየ ሁሉ፣ ጋሻው የከበርቴ መኪና ገዛ አለ። እኔ ዝም። ዝም ብቻ? ደስ ብሎኝ እንጂ! አንተ ግን አላስችል ብሎህ ላገኘኸው ሁሉ ታስረዳለህ፤ ከወገኖቿ የመጨረሻዋ ርካሽ ናት፣ ሞተሯ ትንሹ ነው፣ ወንበሯ ቆዳ ሳይሆን ጨርቅ፣ የኋላ መስኮቷ በእጅ የሚዞር። "ስሟ የጌታ፣ ሆዷ የድሃ" እያልክ ኮፈኗን መታ መታ ታደርጋለህ። እውነትህን ነው፣ ጎንደር ደርሳ ተመልሳ ገና አልጠማኝም የምትል መኪና ነበረች። ማደያ ስንሄድ ግን መከራዬ ነው። በአውቶቡስና በጭነት መኪና መሀል ናፍጣ ልትቀዳ ትሰለፋለህ፤ ሾፌሮቹ ይቺ የቤንዚን ናት፣ ወዲያ ሂድ ብለው ይጮሁብሃል፣ አንተ ወርደህ ታስቃቸዋለህ፣ እኔ መስኮት ዘግቼ እቀመጣለሁ። ደግሞ ከኋላ ረጅም ናትና ጅራታሟ አሏት። በዚያ ጅራቷ የአባትህን የአባባን ጤፍ፣ የአባባን በግ ሳይቀር ጭነህ በከተማው መሀል ስታልፍ፣ በጉ በመስተዋት እያየ "ባ!" ሲል፣ ወንበሬ ውስጥ እሰምጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት ከንቱ ነበርኩ፣ ጋሻዬ።

ቁልፏን ከማተብህ ጋር አንገትህ ላይ ማንጠልጠልህንም አልወድም ነበር። የነፍስ አባታችን እንኳን ማተብ ላይ መስቀል ነው እንጂ ቁልፍ አይታሰርም ቢሉህ፣ መስቀሉ ለነፍሴ፣ ቁልፉ ለሥጋዬ ብለህ አሳቅሃቸው። ደባትም ደባርቅም ይህን የማያውቅ የለም። ጎንደር ሆስፒታል ተኝተህ፣ ራስህ ፈትተህ መዳፌ ላይ አስቀመጥከው። አባቴን ዓይኑን አሳዪልኝ፣ አውቶቡስ አይሆንለትም፣ በእሷ ውሰጂው አልከኝ። እሺ አልኩህ። እሺ ማለት ምን ያቅታል!

አንተን እዚያው ገንዘው በሳጥን ሰጡን፤ ደባት ገጠሩ ድረስ ተወስደህ በአባቶችህ ደብር ተቀበርክ። ከዚህ በኋላ የሆነውን አላየህም። በሠልስቱ አባባ ተነሡ። አንተ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ ልብሱ ይጣልበታል፣ በለቅሶው መሀል ይሳባል፣ አልቃሿም ፈረሱን እየጠራች ታስለቅሳለች፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። አባባ፣ ልጄ ፈረስ አልነበረውም፣ ፈረሱ መኪናው ናት፣ ከደባርቅ ትምጣ፣ ኮቱ ይጣልባት፣ ቀስ እያለች በመሀላችን ትሂድ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተገቢ ነው አሉ።

እኔ ደግሞ ማዶ ማዶውን አየሁ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጥቁር መነጽር አድርገው ተደርድረዋል፤ እህቴ ከነጓደኞቿ ከጎንደር መጥታለች። ያቺ የከበርቴ መኪና ኮት ለብሳ ስትጎተት፣ አልቃሿ ለናፍጣ ስታንጎራጉር፣ ሰኞ ቢሮ ውስጥ ሲሳቅ ታየኝ። ይሉኝታ ሰው ይገድላል የሚሉት እውነት ነው። ቁልፉ የታለ ሲሉኝ መቀነቴ ውስጥ ነበር። አፌ "እሱ ጋ ነው" አለ።

እምላለሁ፣ ለጊዜው ነገሩን ላሳልፍ ብዬ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ግን አንተ ተገንዘህ የመጣህ ሰው ነህ፤ አንገትህን ያየ የለም። ከማተብህ ጋር የወረደ መሰላቸው። አባባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑና "ይዞት ሄደ!" ብለው ጮኹ፤ ሜዳው በሙሉ በዋይታ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ማን ወንድ ተነሥቶ ዋሽቼ ነው ይላል? በጎረቤት በቅሎ ተለቀሰልህ። ስሜን ተራራ፣ ሳንቃ በር ላይ አንዷ ከረገጠችህ ወዲህ በቅሎ ባየህ ቁጥር መንገድ የምትቀይረው አንተ፣ ባለ በቅሎው እየተባልክ ተለቀሰልህ። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አብሬ አለቀስኩ።

ውሸቴ እዚያው ሜዳ ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ለአባባ ደውዬ ጎንደር ሄደን ዓይንዎን ይታዩ አልኳቸው። አውቶቡሱን ይፈራሉ ብዬ የኮንትራት መኪና እንይዛለን አልኩ። አልሄድም አሉ። ልጄ በመኪናዬ እወስድሃለሁ ብሎኝ ነበር፤ እግዜር ቁልፉን አብሮ ከወሰደው፣ ይህ ዓይን እንዲታይ አልፈቀደም ማለት ነው፣ ከፈቃዱ ጋር አልሟገትም አሉኝ። የእኔን ቅጥፈት የእግዜር ፈቃድ አድርገው ተቀበሉት! አንዴ ደፍሬ ልንገራቸው እላለሁ፣ ደግሞ ምን ይሉኛል እላለሁ፤ እንዲህ ስል ከረምኩ።

ከዚያ በደባት ገበያ ቀን በሚኒባስ ሳልፍ አየኋቸው። በግ ሊሸጡ መጥተዋል። ሰው በጉን ይነዳል፤ እሳቸው እጃቸውን ጀርባው ላይ ጭነው በጉ ይመራቸዋል። በጉ ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲሄድ ይሄዳሉ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋባቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቷቸው ወደ ባጃጁ ዞሩ። ወራጅ አለ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በነጋታው ሸራውን ገፈፍኩ። ባትሪዋ ሞቷል፤ ካልተገፋች አትነሣም። ስለዚህ የመንደሩን ሰው መጥራት ግድ ሆነ። ቁልፉን እጄ ላይ ሲያዩ እትዬ ዘርፌ እልል አሉ፣ ተገኘ ብለው። አንዱ መቃብር ተከፈተ እንዴ ብሎ አማተበ። እኔ አዎ፣ ተገኘ አልኩና ገባሁ፤ እዚያም ዋሸሁ ማለት ነው። ገፉኝ፣ እንዳስተማርከኝ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩላት፣ አንገራግራ ተነሣች። ያ የናፍጣ ድምጿ፣ እንደ ጭነት መኪና አታሰሚኝ እያልኩ የምቆጣት ድምጿ፣ ያን ዕለት አስለቀሰኝ።

አባባ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ገና ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ሰምተዋታል። ዱላቸውን ጥለው ተነሡ። ግቢው በር ላይ ስደርስ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው "ጋሻው! ጋሻው ልጄ! መጣህ?" እያሉ ይመጣሉ። ምን ልበልህ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወርጄ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። አባባ እኔ ነኝ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን እኔ ጋ ነበር፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው አልኳቸው። ሞተሩን ላጠፋ ስነሣ፣ ተይው፣ አይጥፋ አሉኝ። እየዳበሱ ሄደው መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ፤ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። "አንቺ! ጌታሽስ? ጌታሽን የት ጣልሽው?" አሉና የዚያን ቀን የተነፈጉትን ለቅሶ ብቻቸውን፣ በራሳቸው ደጅ አለቀሱ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲበቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን ክፈችልኝ አሉ።

ወደ ጎንደር ነዳሁ። መንገድ ላይ ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱን አውቀውት ኮሶዬ ነው አይደል አሉኝ፤ አዎ አባባ አልኩ። ይኸው ነው የተነጋገርነው። ይቅር ብዬሻለሁም፣ አላልኩሽምም የለም።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ዓይናቸውን አይቶ አይቶ፣ ግራው አልፏል፣ ቀኙን ግን በመድኃኒት እናቆየዋለን አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እስካሁን ምን ስትጠብቁ ነበር፣ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ አለኝ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው። አባትህ፣ በድንበር ክርክር አገር ለምስክርነት የሚጠራቸው፣ ሐሰት ሲናገሩ የሰማቸው የሌለ አባትህ፣ ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ ድምፅ አዞሩ። "መኪና ጠፍቶ ነው፣ ልጄ" አሉት።

ጋሻዬ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢረግሙኝም እችለው ነበር። በእኔ ምክንያት አንድ ዓይናቸውን ያጡ ሰው እኔን ከሐፍረት ለማዳን አፋቸውን አቆሸሹ። እስከ ዛሬ ሳስታውስህ ሳቅህንና ቀልድህን ነበር የማስታውሰው፤ ከእንግዲህ ያን ቃላቸውንም አብሬ አስታውሳለሁ፣ አንተን ከእሳቸው ለይቼ ማሰብ አልችልም። ሌላም ቃል እሰጥሃለሁ። የአባባ አገር ሰው ዛሬም ቁልፉ ከመቃብር የተገኘ ነው የሚለው፤ አባባም ተይው፣ እንደዚያው ይሁን ይሉኛል። አይሆንም። በሙት ዓመትህ፣ በዚያው ሜዳ፣ ባልደረቦቼም ቄሶቹም ባሉበት እቆማለሁ። እሳቸው የሸፈኑልኝን በገዛ አፌ እገልጠዋለሁ።

ባለቤትህ