ስለ ኩሬያችን ዓሣና ስለ ክቡር ጤናዎ

ለጓድ አብተው
የአካባቢ ማስዋብ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ናዝሬት
መጋቢት 1974 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ኩሬው ምስጋና ማቅረብንና አንድ ዘበኛን ማስታወስን ይመለከታል

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጤናዎን ስል እንደ ወጉ ለማለት ያህል አይደለም፤ ራስዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም ሆድዎን እጠይቃለሁ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ላብ ገጥሞዎት እንደሆነ ለማወቅ ልቤ ተሰቅሎ ሰንብቷል። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ደህና ነዎት ይላል፤ ትናንትም በላንድሮቨርዎ ሲያልፉ ፊትዎ ወዝቶ አይቼዎታለሁ። ተመስገን ነው። ለምን እንዲህ እንደምጨነቅልዎ ከደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ እገልጻለሁና እስከዚያው በትዕግሥት ያንብቡኝ።

እኔ «አንድ የሳይንስ መምህርት ትኑርበት» ተብሎ ኮሚቴዎ ውስጥ የገባሁት ሸዋወርቅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ሲወጣ ያየ ሰው ስላላገኘሁ በኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የስኳር ሰልፉ ረጅም ነውና ሰፊው ሕዝብ ተራውን እስኪያገኝ የሚያነበው ነገር አያጣም። ለእርስዎም አንድ ቅጂ በበር ጠባቂዎ እጅ ልኬያለሁ።

አንደኛ፤ ፏፏቴውን ስለመረጡበት ጥበብ አመሰግናለሁ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣውን ባለ ሥዕል ካታሎግ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያሳዩን ሦስት ዓይነት መሣሪያ ነበር፤ አንዱ ውሃውን እንደ ጦር ሽቅብ የሚወረውር፣ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዳር ተቀምጦ በጎማ ወደ ኩሬው ወለል አየር እየነፋ ከሥር አረፋ የሚያወጣ ሞተር። እኔም በመምህርነት አመሌ ብዙ ተናገርኩ። ዓሣም እንደ እኛ መተንፈስ አለበት፤ የሚተነፍሰውም ውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ነው፤ የናዝሬት ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ደግሞ ብዙ አየር አይዝም አልኩ። ኩሬያችን ጥልቅ ስለሆነ ከላይ የሚረጭ ፏፏቴ የላዩን ውሃ ብቻ ያገላብጣል፤ የታችኛው እንደታፈነ ይቀራል፤ ስለዚህ ለዓይናችን ጃንጥላውን፣ ለዓሣው የአየር ሞተሩን እንውሰድ፤ ሞተሩም በተለይ ሌሊት ሌሊት አይጥፋ አልኩ። ነፋስ በሚበዛበት ከተማ የውሃው ከፍታ ከኩሬው መሐል እስከ ዳሩ ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም ብዬም ጨመርኩ። እርስዎ ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ የጠየቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከክብር መድረኩ ላይ ጎልቶ የሚታየው የትኛው ነው? ጦሩ ተመረጠ። የእኔም አስተያየት «ንዑስ ከበርቴያዊ ጥርጣሬ» የሚል ስም ወጣለት። የአየር ሞተሩ ከጦሩ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ባይሆን ኖሮ እሱም ጥርጣሬ ተብሎ በቀረ ነበር።

ሁለተኛ፤ በየካቲት መጨረሻ የወዳጅ አገር እንግዶች በጎበኙን ዕለት ስላደረጉልን ዝግጅት አመሰግናለሁ። ከዋናው መንገድ እስከ ኩሬው ያለው ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀብቶ፣ የዛፉም ግንድ ተቀብቶ፣ ከቦታዋ ያልተነቃነቀች አንዲት ኤሊ እንኳ ሳትቀር ኖራ ደርሷት ነበር። ንግግርዎን ሲጀምሩ ከመድረኩ ጀርባ ያለው የአየር ሞተር እያጉረመረመ ማይክሮፎኑን ስለተሻማዎት እንዲጠፋ አዘዙ። ሞተሩም ከሠፈራችን ሰው ተምሮ ኖሮ ማጉረምረም ክልክል ነው ሲባል ወዲያው ዝም አለ። ቀጥሎ ፏፏቴው በሙሉ ኃይሉ ተከፈተ። የናዝሬት ነፋስ ግን የኮሚቴው አባል ስላልነበረ ውሳኔያችንን አልሰማም፤ ውሃውን ከላይ ተቀብሎ እንዳለ መድረኩ ላይ ገለበጠው። የልዑካኑ መሪ ንግግር እጃቸው ላይ ረጠበ፤ የእርስዎም ካኪ ገላዎ ላይ ተለጠፈ። አስተርጓሚው ቀልጠፍ ብሎ «ውሃው ራሱ እንግዶቻችንን እየተቀበለ ነው» ባይላቸው ኖሮ ምን ይውጠን ነበር። እርስዎም ፏፏቴውን አስጠፍተው፣ ሁለቱም የሚነሡበትን የሞተር ቤት ቁልፍ ኪስዎ ከተው፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀው ወደ እራት ግብዣው ሄዱ። ኩሬው በዚያች ሰዓት ሁለቱንም መተንፈሻ አጣ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቁልፉ አጠባበቅ አመሰግናለሁ። የኩሬው ዘበኛ ኦቦ ኡርጌሳ ጎረቤቴ ናቸው፤ እነዚያን ዓሣዎች ከቆቃ በበርሜል ሲመጡ ተቀብለው፣ ከልጅ ባልተናነሰ ሲጠብቁ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ማምሻው ላይ እያለከለኩ ደጄ መጡና «ያ ዋቃ! መምህር፣ ዓሣው ሁሉ አፉን ውጭ አውጥቶ አየር ይጎርሳል፤ ሊያልቅብን ነው» አሉኝ። አብረን ወደ ቤትዎ ሄድን። የበር ጠባቂዎ ጓድ ሊቀመንበር ከእንግዶች ጋር ማዕድ ላይ ስለሆኑ ስለ ዓሣ ነገ እንድንመጣ በትሕትና መለሰን። ቁልፉን ብቻ ይላኩልን ብለን ለመንን፤ ቁልፉም ማዕድ ላይ ነው ተባልን። እኔ መቼም እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ተመልሰን ባልዲ አነሣን። ውሃውን እየቀዳን፣ ከፍ አድርገን እየያዝን፣ መልሰን ወደ ኩሬው እናፈስ ጀመር፤ ውሃ ከከፍታ ሲወድቅ ትንሽ አየር ይዞ ይገባልና። ኦቦ ኡርጌሳ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር ሆነን ክንዳችን እስኪዝል አፈሰስን። ባልዲያችን ግን ለዚያ ሁሉ ኩሬ ምን ይበቃዋል። ሲነጋ ውሃው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ የዓሣው ሆድ ሁሉ ወደ ሰማይ ዞሮ አገኘነው። ኦቦ ኡርጌሳ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ለአራተኛው ተራ ምስጋና አላዘጋጀሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ኦቦ ኡርጌሳ «ኩሬው ውስጥ መርዝ ጨምሮ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር የፈጸመ ጸረ ሕዝብ» ተብለው ታሰሩ። ማስረጃው ሲመሽ ከባልዲ ወደ ኩሬው አንድ ነገር ሲገለብጡ የታዩ መሆናቸው ነው። ያዩት ሰዎች አልዋሹም። ገልብጠዋል፤ የገለበጡት ግን የራሱን የኩሬውን ውሃ ነው። የምስክሮቹ ዓይን በሌላው ዳር ሌላ ባልዲ ይዛ የቆመችውን ሴት እንዴት እንደዘለላት አላውቅም። እኔ ነኝ። ባልዲ ማንሣት ወንጀል ከሆነ ወንጀለኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷም እስካሁን ጠመኔ ይዛ የሰፊውን ሕዝብ ልጆች እያስተማረች ነው።

ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንደነበር ያስታውሳሉ። እርስዎም በወንድምነት መንፈስ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው መከሩኝ። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ስለ ዓሣ የሚነገር ሌላም ተረት ነበር፤ ግማቱ ከየት እንደሚጀምር የሚናገር፤ ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ፏፏቴ ይህን ሁሉ ያተትኩት ወድጄ አይደለም። ኦቦ ኡርጌሳ ዓርብ ወደ ላይ ይተላለፋሉ ተብሏል። «ላይ» የት እንደሆነ በዚህ ከተማ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ከዚያ አንዳንዴ የሚመጣውን መልስ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» የሚል ነው። ባለቤታቸው አዴ ጤናዬ በየቀኑ ቀበሌው በር ላይ ሳህን ይዘው ይቆማሉ፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላቸው በልተዋል ብለው ይደሰታሉ፤ ባሏን ያሰሩባት ሴት በባዶ ሳህን ስትደሰት ማየት ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልችልም። ዓርብን እያሰቡ እንቅልፍ አጥተዋል። እኔም አጥቻለሁ። ፈርቻለሁም፤ ፊደሌ የተዛባው ለዚያ ነው። ሊያስመጡኝ ቢፈልጉ አድካሚ ፍለጋ አያስፈልግም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከቀትር በኋላ ቤቴ ነኝ፤ ጋቢዬንም አጥፌ በር ላይ አስቀምጫለሁ።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ኦቦ ኡርጌሳን ከዓርብ በፊት ወደ ቤታቸው ይመልሱልን። ለሚመጣው የአብዮት በዓል ኩሬው በአዲስ ዓሣ ሊሞላ መታሰቡን ሰምቻለሁ፤ እንግዲያው ጦሩን አጠር ያድርጉት፣ የአየር ሞተሩን ከመድረኩ አርቀው ያስተክሉት፣ ቁልፉንም ከኪስዎ ውጭ የትም ያኑሩት። ዓሣ ንግግር አይሰማም፤ አየር ብቻ ነው የሚሻው።

ለከተማችን ውበት ያለ እንቅልፍ ለሚደክሙት፣ ነፋስ ያልበገረው ካኪ ለለበሱት፣ ድንጋዩን ሁሉ ላነጡልን ለእርስዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ በሄዱበት ሁሉ ደረቅ መድረክና የተመቸ አየር እንዲገጥምዎ ከልብ የምመኝ፣

ታዛዥዎ
መምህርት ሸዋወርቅ

ግልባጭ፦
ለስኳር ሰልፈኞች በሙሉ
ኖራ ለተቀባችው ኤሊ

ሳልረሳው፤ ጤናዎን ለምን አጥብቄ እንደጠየቅኩ እገልጻለሁ ብዬ ነበር። ዓሣዎቹ ባለቁበት ጠዋት ሆዳቸው ተገልብጦም ገና ይፈራገጡ የነበሩትን በእርጥብ ጆንያ አስለቅመው በላንድሮቨርዎ ወደ ቤትዎ ወስደዋል። ቀን ላይ ለእንግዶቹ የስንብት ምሳ ሲያደርጉ የኮሚቴ አባላትንም ጠርተው ነበርና እኔም ተቀምጬ ነበር። ወሩ ሁዳዴ ነው፤ መጾምዎን ጓዶች እንዳይሰሙ፣ መግደፍዎንም እናትዎ እንዳይሰሙ፣ ለሁለቱም ወገን የሚመች ምግብ ዓሣ ብቻ ስለሆነ አልፈረድኩብዎትም። ደህና አድርጎ ተጠብሶ ነበር። እንግዶቹ በሉ፤ እኔም አንድ በላሁ፤ እርስዎ ግን ከሁላችንም አብልጠው በሉ፤ እሾሁን በሳህንዎ ዳር ከምረው ሲያስቀምጡ በዓይኔ አይቻለሁ። የልዑካኑ መሪ ከመሄዳቸው በፊት ኩሬው ዳር ፎቶግራፍ ልነሣ ያሉትና ለባዶው ኩሬ ምክንያት መፈለግ የተጀመረውም ያን ጊዜ ነው። ዓሣው ተመርዟል የሚለው ቃል የተጻፈው ሳህኑ ሳይነሣ ነበር፤ የፈረሙበትም ጓዶች ጣታቸው ገና ዘይት ዘይት ይል ነበር።

እንግዲህ ነገሩ አጭር ነው። ኩሬው መርዝ ገብቶበት ከሆነ ይህ ደብዳቤ የሚደርሰው ለሙት ነውና ነፍስዎን ይማር። እያነበቡት ከሆነ ግን ኦቦ ኡርጌሳ ንጹሕ ናቸው።