በጋቢ የመጣው ጊታር

ሐይቅ፣ ዓርብ ታኅሣሥ 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ማሽላ አሥራ አንድ ጆንያ፣ ሽምብራ አራት፣ ዓሣ ሃያ ስድስት። ከማሽላው አንዱ ጆንያ ነቅዞ ስላገኘሁት መልሼዋለሁ።

ወንድምዓለም፣

የአላህ ሰላም ካለህበት ቤት ይግባ። ጤናህ እንዴት ነው? እግርህ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይ? ምግብስ ያለ ችግር ይወርድልሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናታችን ከጉልበቷ በቀር ምንም አትልም። አገሩም ሰላም ነው፤ የተቃጠለው የመንገድ ዳር ሱቅ ሁሉ ቆርቆሮ እየለበሰ ነው።

“ጥር ሲገባ እመጣለሁ” ያልክበት ደብዳቤህ ከነድምፅ ቅጂው ባለፈው ዓርብ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን በስልክ መናገር ስለማይሆን ጽፌልሃለሁ። አትምጣ። ምክንያቱን ከቀን መዝገቤ እያየሁ በተራ እነግርሃለሁ።

ጥቅምት 9 ቀን 2014። የኑርዬ አይሱዙ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ኑርዬ ከጭነቱ መሐል አንድ ረጅም ነገር ስቦ አስታቀፈኝ። ጊታርህ ነበር፤ በራስህ ጋቢ ተጠቅልሏል። “ባለቤቱስ?” ብዬ ብጠይቀው “እኔ የተጫነልኝ ዕቃ ነው፤ ሰው አልተጫነልኝም” አለኝ። ከአንድ ጫኝ ተቀበለው እንጂ አንተን በዓይኑ አላየህም። በሰፈራችን የሟች ዕቃ በገዛ ጋቢው ተጠቅልሎ እንደሚመለስ ታውቃለህ። አባታችን አፋር በረሃ በቀረ ጊዜ ሰዓቱና ጫማው የመጡልን እንደዚያ ሆነው ነው። አንተ ግን ሆስፒታል ስትገባ እንጨቱ እንዳይጫርብህ ብለህ በጋቢ ጠቅልለህ ላክኸው። ለጊታር ስታስብ ለሰው ማሰብ ድሮም አይሆንልህም።

ጎረቤታችን መስኡዳ ከመንገዱ ማዶ ጋቢውን አይታ እሪ አለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ዕድራችን ቅሬው ድንኳን ተከለ፤ አስከሬን ለሌለው የሚሰገደው ሶላት ተሰገደብህ። ሚስትህ ሉብና ባለችበት ቆማ ቀረች፤ ሴቶቹ ናቸው ይዘው ያስቀመጧት። እናታችን ጊታሩን እየደበደበች “ይህን እንጨት እሳት ይብላው እያልኩ ስረግም ኖሬ፣ እንጨቱ ተርፎ ልጄ ሄደ” አለች። ለቀስተኛው በሷ ቃል ነው የተንሰቀሰቀው።

“ጊታሩ አፍ ውስጥ ለሉብና የጻፍኩት ወረቀት ነበር” ብለሃል። እኔ ወረቀት አላየሁም። በየኬላው ሲፈትሹት ወድቆ ይሆናል።

ጥቅምት ሳያልቅ ከተማው ተያዘ። ስልኩም መብራቱም ጠፋ። ታጣቂዎች ሱቁን በርብረው ዘይቱንና ስኳሩን ጫኑ። አንዱ ጊታሩን አንስቶ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና “የማን ነው?” አለኝ። “የወንድሜ ነው፤ ሞቷል” አልኩት። ወዲያው ባነሳበት መለሰው፤ “ነፍስ ይማር” ብሎ ወጣ። ሀሚዱ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ እንኳ አልቀረለትም፤ ያንተን ጊታር ሞትህ አተረፈው። እነሱ ሲወጡ፣ “ክሮቹን አላሊያቸው፣ ፀሐይም አይንካው” ብለህ ለሉብና የጻፍክላትን እኔ ፈጸምኩልህ፤ ክሮቹን አላልቼ ከማሽላው ጀርባ ጥላ ውስጥ አኖርኩት። እንጨቱ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

የካቲት 19። ሉብና ዒዳዋን ጨረሰች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከግቢ ሳትወጣ። የሚፈልጓት ብዙ ነበሩ። እናታችን “ከቤቴ አትወጣም” አለች። ሽማግሎቹም “የሟችን ሚስት ከባዳ ወንድም ቢይዛት ይሻላል” አሉ። እኔ አልከለከልኩም። ታስታውስ እንደሆነ፣ አንተ ዓይንህን ሳትጥልባት በፊት ሽማግሌ የላክሁባት እኔ ነበርኩ። “ሚዛን ከሚይዝ ክር የሚመታ ይሻለኛል” ብላ መለሰቻቸው፤ ገበያው ሁሉ አንድ ክረምት ሙሉ “ባለሚዛኑ እንዴት አደርክ?” እያለ ሳቀብኝ። አንተም አብረህ ስቀሃል። መጋቢት 11 ቀን ኒካህ አሰርን።

ሚያዝያ ላይ ስልኬ ጮኸ። በጉሮሮህ ቱቦ ገብቶ ስለነበር ድምፅህ እንደ ሹክሹክታ ነበር። “አላወቅከኝም እንዴ?” አልከኝ። አውቄሃለሁ። ስልክህ ሆስፒታል ጠፍቶ በቃልህ የቀረው የኔ ቁጥር ብቻ መሆኑንም ነገርከኝ። “ሉብና ባቲ አጎቷ ጋ ናት፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። አንተ አብሽር፣ መጀመሪያ ዳን” ያልኩህ ውሸት ነው። ባቲ አልሄደችም። ስትደውል ከኋላዬ ሳህን እያጠበች ነበር። ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር የነገርኩህ ሁሉ እንደዚያው ነው።

ሕመሙ ከእግር ጣትህ ተነሥቶ እስትንፋስህ ድረስ እንደወጣ፣ አምስት ሳምንት ማሽን እንደተነፈሰልህ፣ ከዚያ ማንኪያ መያዝና ቁልፍ መቆለፍ እንደ ሕፃን እንደተማርክ ጽፈሃል። በተውሶ ጊታር አንዲት አምባሰል ከዳር እስከ ዳር ለመምታት ስምንት ወር እንደፈጀብህ፣ አሁን ግን ብቻህን ሰው ፊት ተቀምጠህ አንድ ሰዓት እንደምትጫወት ጽፈሃል። ማሻአላህ። እኔ ዜማ ባላውቅም ቅጂውን ሱቅ ውስጥ ከፍቼ ሰማሁት። ሀሚዱ ምላጭ ሊገዛ ገብቶ ቆመ። “የድሮ ቅጂ ነው” አልኩት። “አይ፣ ወላሂ! ሟቹ በሕይወቱ እንዲህ ረግቶ መትቶ አያውቅም። ያኔ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ነበር የሚቸኩለው። ጀነት አስተማረችው እንዴ?” ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ሉብና ወሯ ገብቶ ነበር፤ ከጓዳ ወጥታ መጋረጃውን ይዛ ቆመች። “ይህን አመታት አላውቀውም” አለች። ሀሚዱ ሲወጣ ቅጂውን አጠፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታናግረኝ ለግድ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ወንድ ልጅ ወለደች።

ስለ አንዲት የሩቅ አገር ሴት አስመስዬ ሸሁን ጠየቅኋቸው። ሞተ የተባለው ባል ቢመጣ ምርጫው የሱ ነው፣ ሚስቱን ወይም በጥሎሽ የሰጠውን መህር ይወስዳል አሉኝ። “ባሏ እንዳልሞተ የሚያውቅ ሰው ኖሮ ዝም ቢልስ?” አልኳቸው። ተስቢሓቸውን መቁጠር አቁመው ትኩር ብለው አዩኝ፤ እኔም ደንበኛ ይጠብቀኛል ብዬ ተነሣሁ።

እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው፤ አልደበቅኩህም። ከመጣህ ሉብናን ትወስዳለህ። ሕፃኑ ግን ገበያው መሐል ዕድሜ ልኩን የማን ልጅ ሲባል ይኖራል። እናታችንም አንዴ አልቅሳ ቀብራሃለች፤ በር ላይ ቆመህ ብታይህ የምትወድቀው እዚያው ነው፤ ከዚያ በአንድ ድንኳን ሁለት ነገር ትሰማለህ፤ የሷን ልቅሶና የኛን ሐሜት። አንተ ሞትን ቀምሰህ የተመለስክ ሰው ነህ፤ ብቻህን መጫወትም ለምደሃል። እዚያ ሰው ያጨበጭብልሃል። እዚህ ደግሞ ባማረ ሁኔታ ተለቅሶልሃል፤ በአርባህ በሬ ታርዷል፤ የሚያማህ ሰው የለም። በሕይወት ሳለህ እንደዚህ አልተወደድክም ነበር።

ጊታሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። የላክሁት አንተንም እኔንም በማያውቅ የደሴ ሹፌር ነው። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬዋለሁ። ጋቢው አልተላከም፤ ሕፃኑ ይታቀፍበታል። ይህ ስልክ ቁጥርም ከዚህ ሳምንት በኋላ አይሠራም፤ በከንቱ አትድከም።

ሰኞ ስም ይወጣል። ስሙን የመረጠችው እናታችን ናት። በሞተው ልጄ ስም ይጠራልኝ አለች፤ ሉብናም እሺ አለች። እኔም እሺ ብያለሁ።

የጀመረልህን ጤና አላህ ይጨርስልህ። ጣትህ አይዛል፤ ክርህ እንጀራ አይከልክልህ፤ ከክፉ ሰው ይጠብቅህ። የእናታችን ዱዓም አይለይህ፤ ከየሶላቱ በኋላ “ማረው” ትልሃለች።

ታላቅ ወንድምህ

ነገ፦ ውጫሌ ሄዶ ለስም ማውጫው የሚታረድ ሁለት በግ መግዛት። ለወንድ ልጅ ሁለት ነው።